መኝታ ቤት የተሠራ «የቤት ሥራ»

ዳፍት ፐንክ በሚል ስም የሚታወቁት ሁለት ፈረንሳውያን ሙዚቀኞች፣ ቶማ ባንጋልተርና ጊ ማኑኤል ዴ ኦሜም ክሪስቶ፣ የመጀመሪያ አልበማቸውን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። «ሆምወርክ» አሉት፤ የቤት ሥራ ማለት ነው። ስሙ ተማሪን ማታ ማታ የሚያስጨንቀውን የሚያስታውስ ቢሆንም፣ ሥራው በእርግጥም ቤት የተሠራ ነበር። የተቀዳው ፓሪስ፣ ባንጋልተር መኝታ ቤት ውስጥ ነው። ቨርጂን የተባለው ትልቅ ኩባንያ አልበሙን ቢያሰራጭም የዋናው ቅጂ ባለቤትነት በወጣቶቹ እጅ ቆይቷል።

ይህ ታሪክ ዘወትር የሚነገረው ለማበረታቻ ነው። «ስቱዲዮ ለምኔ፣ መኝታ ቤት ይበቃል» የሚለው ድምዳሜ ግን ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ኪስ የሚያራቁት ይመስለናል። መኝታ ቤቱ ለምን በቃ? (የባንጋልተር አባት በሙያው የዘፈን ደራሲና ፕሮዲዩሰር እንደነበረ መዘንጋት የለበትም፤ ምክር የማይጠፋበት ቤት ነበር።)

ዋናው ምክንያት በሽቦው ውስጥ ይገኛል። በአልበሙ ከምንሰማው ድምፅ አብዛኛው ሲቀዳ አየር አልነካም። የከበሮ መሣሪያውና ሲንተሳይዘሩ ያመነጩት የኤሌክትሪክ ሞገድ በቀጥታ ወደ መቅጃው ገብቷል። ግድግዳ የለም፣ የጎረቤት ውሻም የለም። ከመሣሪያዎቹ አንዱ፣ የጃፓኑ ሮላንድ እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ቲቢ-303፣ ብቻውን ለሚለማመድ ጊታር ተጫዋች የቤዝ አጃቢ እንዲሆን የታሰበ ነበር። ገበያ ስላጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ምርቱ ቆመ፤ አሮጌው በርካሽ ይሸጥ ጀመር። መሣሪያው ከፍተኛ ድግግሞሽ ያላቸውን ሞገዶች የሚያስቀር ማጣሪያ አለው። ሬዞናንሱ ሲጨመር ማጣሪያው በሚቆርጥበት ድግግሞሽ ዙሪያ ያለው ድምፅ ጎልቶ ይጮሃል። በዥዋዥዌ ምሳሌ የተማርነው ሬዞናንስ ይኸው ነው፤ እዚህ ግን በጣት ይዞራል።

አሁን ደግሞ ማደሪያ ክፍሉ ውስጥ ክራር ሊቀዳ የተነሣ ተማሪ እናስብ። ክራር ያለ አየር አይሰማም። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ግድግዳው ከክራሩና ከማይክሮፎኑ 2 ሜትር ቢርቅ፣ ነጥሮ የሚመለሰው ድምፅ 12 ሚሊሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይደርሳል። እንደ ገደል ማሚቶ ተለይቶ አይሰማም፤ ከዋናው ጋር ተደርቦ በየ85 ኸርዝ ልዩነት አንዱን ድግግሞሽ ያጎላል፣ በመካከል ያለውን ያደክማል። ውድ ማይክሮፎን ይህን አያርመውም፤ እንዲያውም አጥርቶ ይቀዳዋል። ወፍራም ብርድ ልብስ መስቀል ከፍተኛውን ድግግሞሽ ይቀንሳል፤ ዝቅተኛውን እምብዛም አይነካውም።

ስለዚህ የፊዚክስ መምህራን የሞገድን ትምህርት በሰሌዳ ላይ ብቻ ከሚጨርሱት የመማሪያ ክፍሉን ራሱን ቤተ ሙከራ ቢያደርጉት እንመርጣለን። ለማይክሮፎን ገንዘብ የሚያጠራቅሙት ወጣቶችም ከግዢው በፊት ክፍላቸው መሐል ቆመው አንዴ ያጨብጭቡ፤ ጭብጨባው እስኪጠፋም ያዳምጡ።