ፍትሕ ከማጀት ይጀምራል

«በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ አነጋገር ስለ በቅሎና ስለ ጭብጦ ዋጋ የተነገረ አይደለም። ግፍ በትልቅነቱ ሳይሆን ግፍ በመሆኑ እንደሚመር፣ ፍትሕም በእጅ በምትያዝ ትንሽ ነገር እንደሚጓደል የሚያስተምር ነው። እኔም ለወጣቶች፣ ይልቁንም በካቶሊክ ትምህርት ቤት ለሚማሩ ልጃገረዶች፣ የምጽፈው ስለዚህች ስለ ጭብጦዋ ነው።

ቤተ ክርስቲያን የምግባር ሁሉ መሠረት ብላ የምታስተምራቸው ነገሮች አራት ናቸው፤ እነርሱም ማስተዋል፣ ፍትሕ፣ ብርታትና ራስን መግዛት ናቸው። ቅዱስ ቶማስ አኵናስ የፍትሕን ትርጓሜ ከጥንት የሮም ሕግ ዐዋቂዎች ተቀብሎ ሲያብራራ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሚገባውን ለመስጠት የጸና ፈቃድ መሆኑን አስረድቷል። ልብ በሉ፤ ፈቃድ ነው እንጂ ችሎት አይደለም። ስለዚህ ዳኛ በሌለበት፣ ከሳሽም በሌለበት፣ በማጀት ውስጥ እንኳ ሊሠራ ይገባዋል።

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ፣ ዕድሜዬንም በመምህርነት የፈጸምሁ ሰው ነኝ። በዚህ ሁሉ ዘመን ለሴቶች ልጆች ንጽሕና፣ ትዕግሥትና ርኅራኄ በሰፊው ሲሰበክ፣ ፍትሕ ግን ለዳኛና ለጠበቃ ተትቶ ሲታለፍ አይቻለሁ። ይህ አካሄድ ስሕተት ነው እላለሁ። ትዕግሥትን ያለ ፍትሕ የተማረች ልጅ በእርሷ ላይ የሚደርሰውን ግፍ ዝም ብላ ትሸከማለች፤ ርኅራኄን ያለ ፍትሕ የተማረች ደግሞ ሌላውን እየበደለች ደግ ነኝ ትላለች።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። አሁን የምኖርባት ጋሸና ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር የሚያልፈው መንገድና ወደ ላሊበላ የሚወስደው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት። ከመቄትና ከላስታ ገጠር የሚመጡ ልጃገረዶች ትምህርታቸውን አቋርጠው፣ ልብሳቸውን በፌስታል አንጠልጥለው መኪና የሚሳፈሩት ከዚህ ነው። አዲስ አበባ ሲደርሱ ደላላ ተቀብሎ በየሰው ቤት ያስገባቸዋል። ከነዚያም ቤቶች መካከል ሴት ልጃቸውን በካቶሊክ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ አሉ።

እንግዲህ በአንድ ጣራ ሥር ሁለት የ16 ዓመት ልጆች ይኖራሉ እንበል። አንደኛዪቱ ማለዳ ዩኒፎርሟን ለብሳ ትሄዳለች፤ ሁለተኛዪቱ ያንኑ ዩኒፎርም ሌሊት አጥባና ተኩሳ ያደረች ናት። አንደኛዪቱ ስለ ድኾች ፍቅር ድርሰት ጽፋ ትመሰገናለች፤ የሁለተኛዪቱ ደመወዝ ግን «ይጠራቀምልሽ» እየተባለ በእመቤቲቱ እጅ ይቀራል። ለበዓል ወደ አገሯ ልሂድ ባለች ጊዜም የተሰበረው ብርጭቆ ሁሉ ተቆጥሮ ይቀነስባታል። በጾም ወራት አንደኛዪቱ ከእናቷ ተቀብላ ወደ ምጽዋት ሣጥን የምትጨምረው ገንዘብ የማን ነው? ያልተከፈለ ደመወዝ ባለበት ቤት ምጽዋቱ ከሌላ ሰው ኪስ የወጣ ነው።

ለዚህ ሁሉ ሦስት ማመካኛ ይቀርባል። የመጀመሪያው «እንደ ልጃችን ናት» የሚል ነው። እንግዲያው ይህች ልጃችሁ የት ትተኛለች? በስንት ሰዓት ትነሣለች? ትምህርት ቤቷስ ወዴት ነው? ለሥራ ሲሆን የሚሰጥ፣ ለትምህርትና ለዕረፍት ሲሆን የሚነሣ የልጅነት ስም ደመወዝ ማስቀሪያ እንጂ ፍቅር አይደለም።

ሁለተኛው «ተስማምታ ነው የገባችው» የሚል ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ በ1883 ዓ.ም. ስለ ሠራተኞች ጉዳይ በጻፉት መልእክት፣ ችግር አስገድዶት የማይገባውን ዋጋ የተቀበለ ሠራተኛ ግፍ የተፈጸመበት መሆኑን አስተምረዋል። የተራበ ሰው እሺ ማለቱ ውሉን ትክክለኛ አያደርገውም።

ሦስተኛው «ሕግ አላስገደደንም» የሚል ነው። የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ መተዉ እውነት ነው። ነገር ግን በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን ከጉልበት ብዝበዛ ይጠብቃል። ደግሞስ ሕግ እስከሚያስገድድበት ድረስ ብቻ የሚሄድ ሰው ምግባር አለው ሊባል ይችላልን? ምግባር የሚፈለገው ሕግ በማይደርስበት ቦታ ነው። የሠራተኛን ዋጋ ማስቀረት ወደ ሰማይ ከሚጮኹት ኃጢአቶች አንዱ መሆኑን ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። ቅዱስ ቶማስም የሰውን ገንዘብ የወሰደ ሰው መመለስ ግዴታው መሆኑን አስረድቷል። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ ያዘነ ብቻ አይደለም፤ የቀማውን እመልሳለሁ ብሎ ቃል ገባ እንጂ።

«ፍትሕ የተማረች ሴት አፈኛ ትሆናለች» የሚሉ ሰዎችም አሉ። እኔ ግን ፍትሕ የሚጀምረው ይገባኛል ከማለት ሳይሆን ይገባታል ከማለት ነው እላለሁ። ለሌላዪቱ የሚገባውን የምታውቅ ልጅ ለራሷም የሚገባውን ብታውቅ ምን ነውር አለበት? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አደረገው። ይህ የተገኘው ሴቶች ዝም በማለታቸው አይደለም።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊካውያን ከአገሩ ሕዝብ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አልሞሉም። ትምህርት ቤቶቻቸው ግን የሌላውንም እምነት ልጆች ያስተምራሉ። ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ስለ ፍትሕ ስታስተምሩ ስለ ጲላጦስ ፍርድ ብቻ አትጠይቁ፤ «በቤትሽ የምትሠራው ልጅ ስሟ ማን ነው? ከየት መጣች? ማታ ትማራለች ወይ?» ብላችሁም ጠይቁ።

እናንተም ልጆቼ፣ ከዛሬ ማታ ጀምሩ። ልብሳችሁን ራሳችሁ እጠቡ። ሠራተኛዪቱን በስሟ ጥሩ። ዕቃ ቢጠፋ ሳትፈልጉ ሌባ አትበሏት፤ መልካም ስምም ገንዘብ ነውና። ወደ ማታ ትምህርት እንድትሄድ የራት ሳሕን የማጠቡን ሥራ ተካፈሉ። ከዚያም በአክብሮት፣ ነገር ግን ሳትፈሩ፣ «እማዬ፣ የወሩ ደመወዟ ተከፈላት ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እናታችሁ ብትቆጣም ጥያቄውን በሚቀጥለው ወር ድገሙት።