ጣሳው ይመዘን

«ከየቤቱ ሁለት ሁለት ጣሳ ዱቄት ይምጣ» ሲባል ሁላችንም የተስማማን ይመስለናል። ጭቅጭቁ የሚመጣው ዱቄቱ ከተሰበሰበ በኋላ ነው። ባለፈው ለለቅሶ ቤት መዋጮ ሲደረግ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አንዲት እናት ያመጡት ዱቄት አነሰ ተብሎ ወጥ ቤት አካባቢ ሲንሾካሾኩባቸው ዋሉ። እሳቸውም ሰምተው ዝም አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ቡና ሲጠሩ አይመጡም።

ነገሩ ቢከነክነን አንድ የወተት ዱቄት ጣሳ ይዘን ከሱቅ ሄደን አስመዘንን። የተነፋ ዱቄት ቀስ ብለን ሞልተን አፉን ስንልገው አንድ ኪሎ ሆነ። ያንኑ ጣሳ መታ መታ፣ ጠቅጠቅ አድርገን ብንሞላው አንድ ኪሎ ከሩብ ገባ። ጣሳው አንድ፣ ዱቄቱ አንድ፣ ልዩነቱ ሩብ ኪሎ! የየቤቱ ጣሳ የተለያየ ሲሆንማ ምን ይባላል? እኒያ እናት አልሰሰቱም፤ ዱቄታቸውን ነፍተው ነበር ያመጡት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጣሳም ሆነ ብርጭቆ የሚለካው ዕቃው የያዘውን ቦታ እንጂ ክብደቱን አይደለም። 250 ግራም ውሃ የሚይዝ ብርጭቆ ዱቄት ሲሞላበት 130 ግራም፣ ስኳር ሲሞላበት 210 ግራም፣ ዘይት ሲሞላበት 230 ግራም ያህል ይመዝናል። ደቃቅ ጨውማ ከውሃውም ይበልጣል። ባለ 5 ሊትር ዘይት ገዝቶ «አምስት ኪሎ ነው» የሚለንም ሰው ተሳስቷል፤ 4 ኪሎ ከ600 ግራም ገደማ ነው።

«እናቶቻችን በየትኛው ሚዛን ነው ያን የመሰለ ወጥ የሠሩት?» የሚሉን አሉ። እውነት ነው። በአንድ ቤት፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ስኒ የሚሠራ ሰው እጁ ሚዛኑ ነው። የቡኮውን ውፍረት፣ የወጡን ጨው ማንም በግራም ይለካ አላልንም። ከሃያ ቤት ተሰብስቶ በአንድ ድስት የሚገባው ግን ሌላ ነው። እዚያ ላይ ሃያ እጅና ሃያ ጣሳ አለ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም የተባለውም ቁናው አንድ ሲሆን ነው።

ስለዚህ በበኩላችን የሚከተለውን እናቀርባለን። አንደኛ፣ እድራችን አንድ ሚዛን ገዝቶ ከድስቱና ከሰታቴው ጋር በዕቃ ቤት ያስቀምጥ። ትክክለኛነቱን ለማወቅ አይከብድም፤ የባዶ ዕቃው ክብደት ተቀንሶ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ መምጣት አለበት። ሁለተኛ፣ የእድሩ ጣሳዎች አንድ ጊዜ ይመዘኑና የዱቄቱ፣ የሽሮው፣ የበርበሬው ልክ ለየብቻ በቀለም ይጻፍባቸው። ያን ጊዜ ሚዛን ባይኖርም ጣሳው ይናገራል፤ አሞላሉ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ሳይጠቀጠቅ፣ አፉ ተልጎ። ሦስተኛ፣ መዋጮ ሲለፈፍ «ይህን ያህል ኪሎ» ተብሎ ይለፈፍ።

የሚዛኑ ዋጋ ተካፍለን ስናወጣው ያን ያህል አይደለም። የጎረቤት ቅያሜ ግን ውድ ነው። እስከዚያው ድረስ ያን ቀን የተንሾካሾክን ሁሉ ወደ እኒያ እናት ቤት ጎራ ብለን «ይቅር ይበሉን፣ ጥፋቱ የጣሳው ነበር» ብንላቸው ደግ ነው እንላለን።