ችግሩ እጃችን አይደለም!

«የሐበሻ አኒሜሽን መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ ምን ይደረግ፣ ተሰጥኦ የለንም!» ይህቺን አባባል ስንት ጊዜ ሰማችኋት? እኔ ጆሮዬ እስኪደነቁር ሰምቻታለሁ። ደብረ ታቦር ውስጥ እርሳስ ይዞ የሚለማመደውም ልጅ ይሰማታል። ክፋቱ ደግሞ ሰምቶ ያምናታል።

እስቲ ከሂሳቡ እንጀምር። ሲኒማ በሴኮንድ 24 ፍሬም ያሳያል። አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ብናብቃቃው እንኳ ለአንድ ሴኮንድ 12፣ ለአንድ ደቂቃ 720 ሥዕል ይፈጃል። እያንዳንዱ ሥዕል ከቀደመው የፀጉር ስፋት ያህል ፈቀቅ ካለ፣ ዝም ብሎ የቆመ ሰው ፊት እሳት ላይ እንዳለ ሽሮ ይንተከተካል።

መንተክተኩ ከየት ይመጣል? ከእጅ? አይደለም! አንደኛ፣ ወረቀቱ ሁሌ አንድ ቦታ ላይ አይቀመጥም። ሁለተኛ፣ ሠዓሊው ሁልጊዜ ከመጨረሻው ሥዕል ላይ ይገለብጣል፤ ትንሿ ስህተት እየተወራረሰች ትሄድና ሃያኛው ላይ ሲደርስ አፍንጫው የሌላ ሰው ይሆናል። ዋና ዋናዎቹን አቋሞች አስቀድሞ ስሎ የመሀሉን ከሁለቱም ጋር እያስተያዩ መሙላት ይህን ያስቀራል። ሦስተኛ፣ የማይንቀሳቀሰውን ደጋግሞ መሳል። ግድግዳው የትም ካልሄደ 720 ጊዜ የሚሳለው ለምንድን ነው?

አሜሪካዊው ዊንሰር ማኬይ እ.ኤ.አ. በ1914 «ገርቲ ዘ ዳይኖሰር»ን ሲሠራ ዳራው በየወረቀቱ እንደገና ይገለበጥ ነበር። ስለዚህ ድንጋዩም ዛፉም ይርገበገባል። ማኬይን ተሰጥኦ ያንሰዋል የሚል ደፋር አለ? በዚያው ሰሞን ሌሎች ወረቀቱን በስተው ችካል ላይ መሰካት፣ የሚንቀሳቀሰውንም በሴሉሎይድ ላይ ስለው ከዳራው በላይ መደረብ ጀመሩ። መንቀጥቀጡን ያሸነፈው ቀዳዳ ነው ማለት ነው።

ቀዳዳ ደግሞ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። ቁም ጸሐፊ ብራናው ላይ ፊደል ከማሳረፉ በፊት ዳር ዳሩን በወስፌ ይወጋል፤ ከቀዳዳ ቀዳዳ ያለ ቀለም ያሰምራል፤ መቃ ብዕሩን የሚያነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ዓምዱ ከመጀመሪያው ቅጠል እስከ መጨረሻው ቀጥ ብሎ የሚዘልቀው በዚህ ዘዴ ነው። ድጓ የሚመሰከርባት ቤተልሔም ባለችበት በጋይንት አገር፣ ለዓመታት ደጋግሞ መታረም ክብር በሆነበት ደጋ፣ ወጣቱን «ተሰጥኦ የለህም» ብሎ ማሸማቀቅ ነውር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ እንምጣ። «የአንድ ደቂቃ ሥራ በሦስት ቀን አድርሱልኝ» የሚል አሠሪ አለ። 720 ለሦስት ሲካፈል በቀን 240 ነው። ስምንት ሰዓት ቢሠራ ለአንድ ሥዕል ሁለት ደቂቃ! በሁለት ደቂቃ ተነድፎ፣ ጸድቶ፣ ተቀልሞ... ለማጽጃው የሚከፍል ግን የለም። ከዚያ መስመሩ ሲንተከተክ ያው አሠሪ «አላልኳችሁም? የእኛ ልጆች አይችሉም» ይላል። ችሎታውን ራሱ ቀምቶ ስለ ችሎታ ማነስ ይሰብከናል።

«መንቀጥቀጡ እኮ ስታይል ነው» የሚሉም አሉ። አዎ፣ ሊሆን ይችላል። ኒውዮርክ የሚኖረው እዝራ ውቤ እ.ኤ.አ. በ2011 «ሂሳብ»ን የሠራው አንዱን ሸራ ደጋግሞ እየቀባና ፎቶ እያነሳ ነው። ያ ግን ምርጫ ነው። ቀጥ ማድረግ የሚችል ሰው ሲያንቀጠቅጥ ስታይል ይባላል፤ የማይችል ሲያንቀጠቅጥ ሰበብ ነው። «አፑ ያስተካክለዋል» ባዮችም አትቸኩሉ፤ ስታቢላይዘር አንዷን ጭረት ያለሰልሳል እንጂ በሁለት ሥዕሎች መካከል ያለውን ዝምድና አይጠብቅም።

ስለዚህ የሥዕል ክበብ ያላችሁ ትምህርት ቤቶች፣ ጣውላ፣ ሁለት ችካል፣ መስታወትና ከሥሩ አንድ አምፖል ይበቃችኋል፤ መብራት ሲጠፋ መስኮት አለ። አሠሪዎች፣ የማጽጃውን ቀን ቁጠሩና ክፈሉ። አንተም የደብረ ታቦሩ ልጅ፣ እጅህን መርገም ተውና መጀመሪያ ወረቀትህን ብሳ!