የአጭር ጊዜ እንግዳና የሜሮኤ ፍርስራሽ

በሜዲትራኒያን ባሕር በሚዘዋወር የመዝናኛ መርከብ የተሳፈረ መንገደኛ በማለዳ ከእስክንድርያ ወደብ ይወርድና ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተጉዞ የጊዛን ፒራሚዶች ያያል፤ ከዚያም መርከቡ መልሕቁን ሳያነሣ ለመድረስ እየተጣደፈ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2023 ጦርነት ከመነሣቱ በፊት፣ በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ያርፍ የነበረው መንገደኛ ዕጣም ከዚህ ብዙ የተለየ አልነበረም። የጥንቱ የኩሽ መንግሥት መናገሻ የነበረችው ሜሮኤ ከካርቱም በስተ ሰሜን ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከዓባይ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ ትገኛለች። ሄዶ ለመመለስ አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል።

እንዲህ ያለው እንግዳ በእጁ ያለችውን ጥቂት ሰዓት እንዴት ቢያደላድላት ይሻላል? ብዙ ሰው ሳያመነታ «የተቻለውን ያህል ብዙ ቦታ ማየት ነዋ!» ይላል። ካርታውን ዘርግቶ፣ በዚያው አቅጣጫ የሚገኙትን ናጋንና ሙሳዋራትንም ጨምሮ፣ ሦስቱን ቦታዎች በአንድ ቀን አዳርሶ ለመመለስ ያቅዳል። ዕቅዱ በወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል። ይሁን እንጂ ናጋና ሙሳዋራት ከዋናው ጎዳና ወደ ውስጥ ገባ ብለው በበረሃማ ምድር ላይ የሚገኙ በመሆናቸው፣ መኪናው ከአሸዋው ጋር ሲታገል ቀኑ ይጋመሳል። በናጋ ንጉሥ ናታካማኒና ንግሥት አማኒቶሬ ራሱ የአንበሳ ለሆነው አምላክ ለአፔዴማክ ያሠሩት ቤተ መቅደስ አለ። ጎብኚው በግድግዳው ላይ የተቀረጸውን ምስል ማስተዋል ሲጀምር «እንሂድ፤ ይመሽብናል» ይባላል። ሜሮኤ ሲደርስም ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። እንዲህ ያለው ሰው ወደ አገሩ ይዞት የሚመለሰው የቦታዎቹን ስምና የራሱን ፎቶግራፍ ነው።

ከዚህ ይልቅ አንድ ቦታ መርጦ፣ ለዚያው ለአንዱ ሙሉ ቀን መስጠት ይበልጣል። ከካርቱም ከንጋቱ 11 ሰዓት የተነሣ ሰው ረፋዱ ሳይገፋ ሜሮኤ ይደርሳል። ጊዜው ከኅዳር እስከ የካቲት ከሆነ ሙቀቱም አይጠናበትም፤ በግንቦት ግን የበረሃው ፀሐይ ለጎብኚ አይመችም።

የሜሮኤ ፒራሚዶች በጊዛው መለኪያ ከተለኩ ያሳዝናሉ። የጊዛው ታላቅ ፒራሚድ ሲሠራ ቁመቱ 146 ሜትር ያህል ነበር፤ ከሜሮኤዎቹ ትልልቆቹ እንኳ 30 ሜትር ገደማ ቢሆኑ ነው። ነገር ግን ጎናቸው ቀጥ ያለ፣ ጫፋቸው ሹል፣ በምሥራቅ በኩል ትንንሽ የጸሎት ቤት የተገነባላቸው በመሆናቸው የራሳቸው የሆነ መልክ አላቸው። ቀረብ ብሎ ላየ ደግሞ ብዙዎቹ አናታቸው የተቆረጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ1834 ጁሴፔ ፌርሊኒ የተባለ ኢጣሊያዊ ሐኪም ወርቅ ፍለጋ መጥቶ የንግሥት አማኒሻኬቶን ፒራሚድ ከላይ ጀምሮ አፈረሰው። ያገኘውም ጌጣጌጥ ዛሬ በበርሊንና በሙኒክ ቤተ መዘክሮች ይገኛል።

የሚቸኩለው እንግዳ ከዚህ በኋላ ወደ መኪናው ይመለሳል። ከተማዋ ራሷ ግን ከፒራሚዶቹ በስተ ምዕራብ ወደ ወንዙ ጠጋ ብላ ነው ያለችው። በዚያ የጥንት ብረት አቅላጮች የጣሉት የብረት አር ተከምሮ ይታያል። የሮማው ቄሣር የአውግስጦስ የነሐስ ራስም እ.ኤ.አ. በ1910 የተቆፈረው ከዚሁ ነው፤ የሜሮኤ ሰዎች ከአንድ ቤተ መቅደስ ደረጃ ሥር ቀብረውት ስለነበር፣ የገባ የወጣው ሁሉ ይረግጠው ነበር። ዛሬ ያለው በለንደን፣ በብሪታንያ ቤተ መዘክር ውስጥ ነው።

ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ደግሞ በዚህ ስፍራ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆም የሚያደርገው የራሱ ጉዳይ አለው። በ4ኛው መቶ ዘመን የአክሱም ንጉሥ ዔዛና ባስቀረጸው ጽሑፍ በኖባና በካሱ ላይ መዝመቱን፣ የግንብም የሣርም ቤት ያላቸውን ከተሞች ማቃጠሉን ይናገራል። ካሱ የተባለውም የኩሽ፣ የሜሮኤ ሕዝብ ነው። በሜሮኤ በግሪክኛ የተጻፈ የአክሱም ጽሑፍ ስባሪ ተገኝቷል። በመጽሐፍ ቅዱስ በሐዋርያት ሥራ የተጠቀሰችው ሕንደኬም ስሟ የሜሮኤ ንግሥቶች ይጠሩበት ከነበረው ከካንዳኬ ማዕረግ የመጣ መሆኑን ሊቃውንት ይገልጻሉ። እነዚህን ነገሮች ከመነሣቱ በፊት ያላነበበ ሰው ፍርስራሹ አይናገረውም፤ የአሥር ደቂቃ ገለጻም አይበቃውም።

እርግጥ ነው፣ ሁለተኛ የመምጣት ተስፋ የሌለው ሰው «ሁሉንም በጨረፍታ ባይ ምን አለበት?» ብሎ ቢከራከር አይፈረድበትም። ዳሩ ግን በጨረፍታ ለማየትማ ሥዕሉ በመጽሐፍ ላይ አለ። እስከ በረሃው ድረስ የሚያስኬደው በመጽሐፍ ላይ የማይገኘው ነው፤ የድንጋዩ ስፋት፣ የነፋሱ ድምፅ፣ ከመቃብሩ እስከ ከተማው ያለው መንገድ።

ሜሮኤ ደርሶ ለመመለስ ጊዜ ለሌለው፣ ግማሽ ቀን ብቻ ለሚያርፈው እንግዳ፣ ካርቱም ውስጥ ሌላ ምርጫ ነበረ። ዓባይና ነጭ ዓባይ ከሚገናኙበት ቦታ ብዙም ሳይርቅ እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተው የሱዳን ብሔራዊ ቤተ መዘክር ነው። የአስዋን ታላቅ ግድብ ውሃ ሊውጣቸው የነበሩት የቡሄንና የሰምና ቤተ መቅደሶች ድንጋይ በድንጋይ ተፈትተው በግቢው ውስጥ እንደገና ቆመዋል፤ በመካከላቸውም ዓባይን እንዲመስል ሆኖ የተሠራ የውሃ ቦይ አለ። ብዙ መንገደኛ ግን «ከተማው ውስጥ ነው፤ የትም አይሄድ» እያለ ቤተ መዘክሩን ለመጨረሻዋ ሰዓት ያቆየው፣ ሰዓቷም ስታጥር ይተወው ነበር። ካርቱም ውስጥ እየኖረ ያላየውም ጥቂት አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት ተነሣ። ቤተ መዘክሩ በውጊያው ቀጠና ውስጥ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ጦር ሠራዊቱ ካርቱምን መልሶ ሲይዝ፣ የወርቅ ጌጣጌጡና በቀላሉ ሊወሰድ የሚችለው አብዛኛው ቅርስ ተዘርፎ ተገኘ። ለዘራፊ እጅ የማይመቹት ከባድ የድንጋይ ሐውልቶች ቀርተዋል።

አንዳንዶች ይህን ሰምተው «ፌርሊኒ የወሰደው ወርቅ እንኳን ወደ አውሮፓ ሄደ፤ እዚያ ተጠብቋል» ይላሉ። ንግግሩ በከፊል እውነት ቢመስልም መራራ ነው። ፌርሊኒ ጌጡን ያገኘው መቃብሩን አፍርሶ ስለሆነ፣ ዛሬ በበርሊን መስታወት ውስጥ አምባሩን የሚያይ ሰው በሜሮኤ ኮረብታ ላይ የፈረሰውን ድንጋይ አያይም። ወደፊት ሰላም ሰፍኖ ወደ ካርቱም የሚሄድ የአጭር ጊዜ እንግዳም ከጉዞ ዕቅዱ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ ይኖራል፤ የቤተ መዘክሩ በር ተከፍቷል ወይ? ከተዘረፈውስ ምን ያህሉ ተመልሷል?