«ናይሮቢ እንገናኝ» ከማለታችሁ በፊት

ክረምት ሲቃረብ ኢንቦክሴ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይሞላል። «ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ልጆቼን ይዤ ናይሮቢ ልመጣ ነው። የት ብናርፍ ይሻላል? ኢስሊ አሁን እንዴት ነው? ወንድሜ ካኩማ ነው ያለው፣ እሱም መጥቶ እንገናኛለን።» ስለ ማረፊያና ስለ ኢስሊ የሚነግራችሁ ሰው ሞልቷል። እኔ የማወራችሁ ስለ መጨረሻዋ ነገር ነው፣ «እሱም መጥቶ» ስለምትሏት።

ካኩማ ያለ ሰው ዝም ብሎ ተነስቶ ናይሮቢ አይመጣም። ኬንያ ውስጥ ስደተኛ በተመደበለት ቦታ እንዲኖር ነው የሚጠበቀው። እ.ኤ.አ. በ2021 ወጥቶ በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የስደተኞች ሕግ ስለ ሥራና ስለ ሰነድ ብዙ ጥሩ ነገር ይዟል፤ ከካምፕ የሚወጣ ሰው ፈቃድ መያዝ አለበት የሚለው ግን እንዳለ ነው። ፈቃዱ ሙቭመንት ፓስ የምንለው ወረቀት ነው። ለማግኘት ምክንያት ትናገራለህ፣ ማስረጃ ታቀርባለህ፣ ትጠብቃለህ። ቢሰጥህም ለተወሰነ ቀን ነው። ሊከለከልም ይችላል። ከካኩማ ናይሮቢ ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሎድዋር፣ ኪታሌ፣ ኤልዶሬት፣ ናኩሩ እያለ አውቶቡሱ በየኬላው ይቆማል፤ በየኬላው «ኪፓንዴ» ይባላል። ፓስ የሌለው ሰው ወይ ኪሱን ያራግፋል፣ ወይ ይታሰራል፣ ወይ ወደ መጣበት ይመለሳል።

ብዙ ጊዜ የማየው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። መጀመሪያ የልጆቹ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ቀን ይታያል። ከዚያ የባልና የሚስት የሥራ ፈቃድ ይጠየቃል። ከዚያ ርካሽ ትኬት ይፈለግና ይቆረጣል። ኪሊማኒ አፓርታማ ይያዛል፣ ማሳይ ማራ ሁለት ሌሊት ይያዛል። በመጨረሻ ካኩማ ይደወልና «ሐምሌ 5 እንገባለን፣ ናይሮቢ ጠብቀን» ይባላል። ሰውየው ምን የሚል ይመስላችኋል? ሃያ ዓመት ያላየውን ወንድሙን «አልችልም» ይለዋል? «እሺ» ነው የሚለው። ፓሱ ባይደርስለትም ይነሳል። እናንተ ሳታውቁት ለአደጋ ዳርጋችሁታል። እሱም አይነግራችሁም፤ ይሉኝታ ይይዘዋል፣ እንዳይከፋችሁም ይፈራል።

ስለዚህ የኔ አቋም አንድ ነው። የቤተሰብ ጉዞ ሲታቀድ መነሻው ወረቀቱ በጣም ደካማ የሆነው ሰው ይሁን። ቀኑን እሱ ይቁረጥ። የአሜሪካ ወይም የካናዳ ፓስፖርት የያዘ ሰው ጉዞው ቢራዘምበት ገንዘብ ያጣል፤ ያናድዳል፣ አውቃለሁ። ካምፕ ያለው ሰው የሚያጣው ግን ከገንዘብ በላይ ሊሆን ይችላል።

«ለምን ሁላችንም አዲስ አበባ አንገናኝም? እማዬ አርጅታለች» የሚሉ አሉ። ዜግነት ለቀየረ ሰው መልካም ነው፤ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ ያችን ቢጫ ካርድ፣ ይዞ ይግባ። ግን ከቤተሰብ ውስጥ አውሮፓ በስደተኛ የጉዞ ሰነድ የሚኖር ሰው ሊኖር ይችላል። ሰነዱን ገልጣችሁ አንብቡት፤ ብዙውን ጊዜ ከሸሸበት አገር በስተቀር ወደ ሁሉም ያስኬዳል ይላል። የ1951ዱ ስምምነት ደግሞ ስደተኛ በፈቃዱ ተመልሶ በአገሩ መንግሥት ጥበቃ ሥር ከገባ ስደተኝነቱ ሊቋረጥ እንደሚችል በግልጽ ይናገራል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት አውጥቶ «ደርሼ ልመለስ» ያለ ሰው በኋላ ከባድ ጥያቄ ሊገጥመው ይችላል። በጥገኝነት ግሪን ካርድ ያገኛችሁም ከመነሳታችሁ በፊት ጠበቃ አነጋግሩ። እዚህ ላይ የዘመድ ምክር አይሰማ፣ የእኔንም ጨምሮ።

ናይሮቢ ጥሩ መገናኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያላት እናት ለኬንያ ቪዛ አያስፈልጋትም፤ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ፓስፖርቱን ለማውጣት የሚፈጀውን ጊዜ ግን አስሉ፤ እሷም ደካማ ወረቀት ካላቸው ሰዎች አንዷ ናት። ከውጭ የምትመጡ ከጥር 2024 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ቪዛ ቀርቶ በኢንተርኔት የሚሞላ የመግቢያ ፈቃድ ነው፤ ለሕፃን ልጅም ለብቻው ይሞላል። በስደተኛ የጉዞ ሰነድ የምትመጡ ደግሞ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አጣርታችሁ እወቁ።

የምታውቋት ናይሮቢ የለችም፣ ይሄን በቶሎ ልለፈው። በዋልዳና በቲካ ያለፋችሁ የዘጠናዎቹ ሰዎች፣ በማርሳቢት አቧራ በጭነት መኪና ላይ የመጣችሁበት መንገድ ዛሬ አስፋልት ነው። ጋሪሳ ሎጅ ብላችሁ የምታስታውሱት ኢስሊ በፎቅ ላይ ፎቅ የገበያ ማዕከል ሆኗል። የቲካን መንገድ ስታዩት አታምኑም። ሹራብ ያዙ፤ ሐምሌ ላይ ናይሮቢ ብርድ ነው፣ የአሜሪካ ልጆች ሁሌም «አፍሪካ ሙቅ ነው» ብለው በካኒተራ ይመጣሉ። ይልቅ ያልተለወጠው መንገድ ላይ ቆሞ መታወቂያ የመጠየቁ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ሰው ከየቤቱ እየተለቀመ ካሳራኒ ስታዲየም ሲታጎር እዚህ የነበረ ስደተኛ፣ ዛሬም ማታ ላይ ታክሲ ውስጥ ሆኖ ፖሊስ ሲያይ ድምፁ ይጠፋል። ልጆቻችሁ «አጎቴ ለምን ዝም አለ?» ብለው ሲጠይቁ የምትመልሱላቸውን አስቀድማችሁ አስቡበት።

ሁለት ነገር ደግሞ አደራ። ፎቶ። ሬስቶራንት ላይ ተሰብስባችሁ የተነሳችሁትን በዚያው ሰዓት ቦታውንና ስሙን ጠቅሳችሁ አትለጥፉ። ያ ሰው ፓስ ሳይኖረው የመጣ ሊሆን ይችላል። አገር ቤት የሚፈልገው ወገን ሊኖርም ይችላል። «ልለጥፈው?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።

ሌላው ቃል ነው። በመለያየቱ ሰዓት አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ፣ በእንባ መካከል፣ «አይዞህ፣ እኔ አወጣሃለሁ» ይባላል። ዓመታት ሪሴትልመንት ሲጠብቅ ለኖረ ሰው ይህ ቃል ተራ ማጽናኛ አይደለም፤ ያምነዋል። ከዚያ ደላላው ይመጣና «ፎርም አለ፣ ወንድምህ ብር ይላክ» ይለዋል። የዩኤን አገልግሎት በነፃ ነው፣ የሚሸጥ ፎርም የለም። ልትረዱት ከፈለጋችሁ የምትችሉትን በቁጥር ንገሩት፦ በወር ይህን ያህል፣ ለልጁ ትምህርት ይህን ያህል። ስፖንሰር ማድረግ በሚቻልበት አገር ያላችሁም መጀመሪያ አጣሩና ከዚያ ንገሩት።

ዘመዶቻችሁ ካምፓላ ከሆኑ ነገሩ ይቀላል። በኡጋንዳ ሕግ ስደተኛ ከተማ ውስጥ መኖርና መንቀሳቀስ ይችላል፤ ካባላጋላ ላይ ያለ ጭንቀት ቡና አፍልታችሁ ትጫወታላችሁ። ካኩማ ላሉት ግን ፓሱ ከተከለከለ ጉዞውን አትሰርዙ። እናንተ ሂዱ። መንገዱ የእናንተ ነው፣ ፓስፖርት ያለው ይንቀሳቀስ። ከናይሮቢ ሎድዋር አውሮፕላን አለ፣ ከዚያ በመኪና ነው። ካምፑ ለመግባት ለጎብኚም ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ዘመዳችሁ እዚያ ካለው ቢሮ አስቀድሞ ይጠይቅላችሁ። የማሳይ ማራውን ሁለት ሌሊት ብታጥፉት ወጪውን ይሸፍናል። ልጆቹ አንበሳ አላየንም ብለው ያኮርፉ ይሆናል። ካኩማ አንድ ላይ ያሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ግን እንጀራቸው ጥሩ ነው፤ ሙቀቱን ከቻላችሁት ሦስት ቀን ቆዩ።