ልጁን በማን ቁና እንስፈረው?

ይድረስ ባለፈው ሳምንት ማታ በመኝታ ቤታችን ኮሪደር ላይ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም!» ብሎ ክርክሩን ለዘጋው ወንድሜ።

ያን ዕለት አንተ ተጨብጭቦልህ ገብተህ ተኛህ። እኔ ግን ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ፤ የተሸነፍኩት በነገር ሳይሆን በተረት ነዋ! በተረት መሸነፍ እንዴት እንደሚያንገበግብ ታውቀዋለህ። ሰው ሁሉ ይስቃል፥ አንተ መልስ ስትፈልግ መብራት ይጠፋል። እንግዲህ አሁን መብራትም ወረቀትም አለ፤ ረጋ ብለን እንነጋገር።

በዚያ ላልነበሩ አንባቢያን ጉዳዩን ባጭሩ ላስረዳ። የሳን አንቶኒዮ ስፐርስ የቅርጫት ኳስ ቡድን በታሪኩ ሦስት ጊዜ አንደኛ ዕጣ ደርሶት በድራፍት የፈለገውን ወጣት ቀድሞ መርጧል። ድራፍት ስል የሚጠጣውን አይደለም፤ ከግቢው በር ማዶ የምታመሹ ወንድሞች ተረጋጉ። በ1987 ዴቪድ ሮቢንሰንን፥ በ1997 ቲም ዳንከንን፥ በ2023 ደግሞ ቪክቶር ዌምባንያማ የተባለውን ፈረንሳዊ ልጅ ወሰደ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። የኛ ጠብ በኋለኞቹ በሁለቱ ላይ ነው። ዳንከን አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ መለያ ተጫውቶ፥ አምስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኖ በ2016 አቆመ። አንተም የልጁን የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት አይተህ «የዳንከንን ጥፍር አይደርስም፥ አይደርስምም» ብለህ ፈረድክ። እኔም ከነዚያ ሁለት ዓመታት አልወጣም፤ የተከራከርነው በነሱ ነውና።

«ዳንከን እኮ ሴንተር አይደለም፥ ፓወር ፎርዋርድ ነው» የሚል ነገረኛ መቼም አይጠፋም። ሮቢንሰን ሳለ ስሙ እንደዚያ ነበር፤ በኋለኞቹ ዓመታት ግን ሴንተር ሆኖ ነው የተሰለፈው። ይህን በዚህ እንዝጋው።

እኔም ዳንከንን እወደዋለሁ። ኳሱን ከጎን በኩል በሰሌዳው ላይ አጋጭቶ ሲያስገባ ሳየው ዕቁብ የደረሰኝ ያህል ደስ ይለኛል። ሳይጮኽ፥ ደረቱን ሳይደቃ፥ ሥራውን ሠርቶ ዞሮ የሚሄድ ሰው ነው። ግን እስቲ ልጠይቅህ፤ የምትወደው የትኛውን ዳንከን ነው? በሴንት ክሮይ ደሴት ዋናተኛ የነበረውን? በ1989 ሁጎ የተባለው አውሎ ነፋስ የደሴቲቱን መዋኛ ገንዳ ባያፈርሰው ኖሮ ልጁ ኳስ መያዙንም እንጃ። በ13 ዓመቱ ቢመዝኑት ዋናተኛ ብለው ይመዘግቡት ነበር፤ ጥፋተኛም ባልሆኑ።

ወይስ የ1998ቱን ዳንከን? እሱንማ አታውቀውም። እኔም አላውቀውም። በ1999 የመጀመሪያውን ዋንጫ ሲያነሣ እኔና አንተ ገና አልተወለድንም! ያንተ ዳንከን ከታላቅ ወንድምህ አፍ የሰማኸውና በስልክህ ላይ ተቆራርጦ የደረሰህ ዳንከን ነው። ያ ሰው ኳስ አያበላሽም፥ ቅጣት ምት አይስትም፥ አይደክምም። የሳተበትን ማን ቆርጦ ያስቀምጥልሃል? ልጁን ግን ሙሉ ጨዋታ ነው የምታየው፤ ሲንገዳገድም፥ ሲሳሳትም፥ ሲነጠቅም። አንዱን በፎቶግራፍ፥ ሌላውን በመስተዋት እያየህ «ይኸኛው መልከ ጥፉ ነው» ትላለህ።

አሁን ወደ ዕድሜ እንምጣ። ዳንከን ዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተምሮ፥ በሥነ ልቡና ተመርቆ፥ በ21 ዓመቱ ነው የገባው። ዌምባንያማ የገባው በ19 ዓመቱ ነው። እንግዲህ ልጁ በትልልቆቹ ሜዳ ሲንገላታ በነበረበት ዕድሜ ያንተ ጀግና ገና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበር፤ እንደኛው ፈተና ሲያጠና ነበር ማለት ነው። ሁለት ዓመት በዚህ ዕድሜ ቀላል ነገር ነው እንዴ? አንተ ራስህ ፍሬሽማን ሳለህ የጻፍከውን ግጥም እስቲ አውጥተህ አንብበው። እኔ አንብቤዋለሁ።

ከዚያ የድል ቁጥር አመጣህ። «20 ጊዜ ብቻ ያሸነፈው ቡድን ዳንከን በገባ በዓመቱ 56 ጊዜ አሸነፈ፤ ልጁ ሲገባ 22 የነበረው 22 ሆኖ ቀረ» አልክ፤ ኮሪደሩ ሁሉ አጨበጨበ። ቁጥሩ ልክ ነው። ቁጥር ግን የቤቱን ሁኔታ ካልተናገሩለት ምንም ማለት አይደለም። በ1996-97 ስፐርስ 20 ጊዜ ብቻ ያሸነፈው አባወራው ስለታመመ ነው። ሮቢንሰን፥ በ1995 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች የተባለው ሰው፥ በዚያ ዓመት ከ82 ጨዋታ የተጫወተው 6 ብቻ ነበር። ሾን ኤልየትም ከግማሽ በላዩ አመለጠው። በተከታዩ ዓመት ሮቢንሰን ድኖ ተነሣ፤ ዳንከንም መጣ። ሌማቱ ሙሉ፥ ጎታው ሙሉ፥ የጎደለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ልጁ የገባው ግን ወና ቤት ነው። በ2023-24 የውድድር ዓመት መጀመሪያ ላይ ጄረሚ ሶሀን የተባለውን ፎርዋርድ ያለ ቦታው ኳስ አከፋፋይ አድርገው ሲሞክሩት ነበር። ሪንግ ሥር ለሚቆም ረጅም ሰው ኳስ በጊዜው የሚያቀብል ከሌለው ቁመቱ ለመጋረጃ መስቀያ እንኳ አይረባውም። በዓመቱ ክሪስ ፖል ሲመጣ ድሉ 34 ደረሰ፤ ያውም ልጁ ከየካቲት ወዲያ ሳይኖር።

ቁጥር ካልከኝ ደግሞ እኔም አለኝ። ዳንከን በመጀመሪያ ዓመቱ በጨዋታ በአማካይ 21.1 ነጥብና 11.9 ሪባውንድ፥ ልጁ 21.4 ነጥብና 10.6 ሪባውንድ። ትከሻ ለትከሻ ናቸው። ብሎክ ላይ ግን ልጁ በጨዋታ 3.6 ይዞ በገባ በዓመቱ ሊጉን መራ፤ ዳንከን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ጊዜ አልመራም። በምርጥ ተከላካዮች አንደኛ ቡድን የገባ የመጀመሪያው ጀማሪም ልጁ ነው። ላንተም የሚገባህን ልስጥህ፤ ዳንከን በመጀመሪያ ዓመቱ ከሊጉ አምስት ምርጦች አንዱ ተብሎ ተመርጧል፥ ልጁ አልተመረጠም። ይህን ያን ዕለት ብታነሣው ኖሮ ዝም ታሰኘኝ ነበር። አንተ ግን ተረት መረጥክ።

እኔ የምለው፥ ወጣትን ሲመዝኑ የሚማሩትንና የማይማሩትን መለየት ያስፈልጋል። ልጁ ላይ የምትነቅሳቸው ነገሮች ሁሉ እኮ እውነት ናቸው። ቀጭን ነው፤ ወፍራም ሴንተር በትከሻው ገፋ ሲያደርገው ከቦታው ይነቀላል። በመጀመሪያው ዓመት በጨዋታ 3.7 ኳስ አበላሽቷል፤ ሁለት ሰው ሲመጣበት ማቀበያው ይጠፋዋል። ያ ሁሉ ቁመት እያለው ከሩቅ ሦስት ነጥብ መወርወር ያበዛል፤ በመጀመሪያው ዓመት ከመቶ ሠላሳ ሁለት ተኩሉን ብቻ አስገባ። እኔንም ይህ ነገር ያናድደኛል፥ አልደብቅህም። ነገር ግን እነዚህ የሚማሯቸው ናቸው። የማይማሩት የቱ ነው? እጁ የሚደርስበት ቦታ፥ ኳሱ ከተወርዋሪው እጅ ስትለቅ የሚያይበት ቅጽበት፥ ዘሎ ስቶ መሬት ሳይነካ ሁለተኛ የሚያስብበት ፍጥነት። ይህን አሠልጣኝ አያስተምርም፥ ምግብም አይሰጥም።

ዳንከንን ራሱን እንይ። በመጀመሪያ ዓመቱ ከመቶ ቅጣት ምት ያስገባው 66 ነበር። በዚያን ጊዜ «ለዋንጫ ሰዓት አይታመንም» ብለህ ብትዘጋው፥ በአምስተኛው ዓመት፥ በ2002፥ ሰማንያ ሲደርስ ምን ልትል ነው? ደሞ ወረደ እኮ፤ እንደገና ሲዋዥቅ ኖረ። የሰው ችሎታ እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ብሎ አይቆምም።

አሁን ደግሞ ወደኔ ወገን ነን ባዮች ልዙር። ያን ማታ ከኋላዬ ቆማችሁ «ዳንከንን አልፎታል!» ስትሉ የነበራችሁ ሁሉ፥ እባካችሁ አትርዱኝ። ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተትዋንም አላይ ነው የናንተ ነገር። ራልፍ ሳምፕሰን የሚባል ሰው ነበር፤ ቁመቱ ከዚሁ ልጅ ቁመት የማይተናነስ፥ በ1983 አንደኛ የተመረጠ፥ በዓመቱ የጀማሪዎች ኮከብ የተባለ። ጉልበቱ ከዳው። ግሬግ ኦደን በ2007 ኬቪን ዱራንትን ቀድሞ አንደኛ ተመረጠ፤ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ በጉልበት ቀዶ ጥገና አሳለፈ፥ በጠቅላላው የሊግ ዘመኑም የተጫወተው 105 ጨዋታ ነው። ይኸው ልጅ በየካቲት 2025 ትከሻው ላይ የደም መርጋት ተገኝቶበት በ46 ጨዋታ ዓመቱ ተዘጋበት። ተስፋ ሥጋ ለብሶ ነው የሚሄደው፤ ሥጋ ደግሞ ይታመማል። ስለዚህ «ያልፈዋል» የሚለውም «አይደርስም» የሚለውም ጠንቋይ ነው፥ እኔ ዘንድ ልዩነት የላቸውም። የምለው አንድ ነገር ነው፤ በዚያ ዕድሜ፥ በዚያ ቤት፥ የሠራውን ሥራ አይታችሁ መዝኑት።

ነገሩ የሳን አንቶኒዮ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ወረቀት ባላጠፋሁ። አንተ ግን የፋካልቲያችን ቡድን አምበል ነህ። ዓምና አንድ ረጅም የአንደኛ ዓመት ልጅ መጣልን፥ ታስታውሰዋለህ። ኳስ ሲያመልጠው «እንትና ቢሆን ይይዛት ነበር» እያልን ተመርቆ የሄደውን ሴንተራችንን እየጠራን ወንበር ላይ አስቀመጥነው። እኔም ብያለሁ፤ ካንተ ብሼ ብያለሁ። ሰውዬው ራሱ የአንደኛ ዓመት ሳለ ኳስ እንዴት ያመልጠው እንደነበረ የሚያስታውስ ከመካከላችን አልተገኘም። በሁለተኛው ሴሚስተር ልጁ መምጣት ተወ። አሁን ምግብ ቤት ሰልፍ ላይ ሲያየኝ ሰላም ይለኛል፥ ስለ ኳስ ግን አያነሣም።

ሮቢንሰን ምን እንዳደረገ ልንገርህና ላብቃ፤ በዚህ ሁሉ ክርክር ስሙን የምንዘለው እሱን ነውና። በ1997 ዳንከን ሲመጣ የከተማው ፍቅር እሱ ነበር። በአንድ ጨዋታ 71 ነጥብ ያገባ፥ ዋንጫ ግን ያላየ ሰው ነበር። ልጁን በራሱ ቁና ሊሰፍረው ይችል ነበር፤ «እስቲ አንተም 71 አግባና እንይህ» ሊለው ይችል ነበር። እሱ ግን ከሪንጉ ሥር ቦታ ለቀቀለት። በ1998 በጨዋታ 21.6 የነበረው የራሱ ነጥብ በ1999 ወደ 15.8 ወረደ፤ ዋንጫውም በዚያው ዓመት መጣ። ሰኔ 2003፥ ኒው ጀርሲ ኔትስን አሸንፈው ሁለተኛውን ባነሡበት በስድስተኛው ጨዋታ፥ የ27 ዓመቱ ዳንከን 21 ነጥብ፥ 20 ሪባውንድ፥ 10 ማቀበልና 8 ብሎክ ሠራ። የ37 ዓመቱ ሮቢንሰን ደግሞ 13 ነጥብና 17 ሪባውንድ አድርጎ፥ በዚያው ሌሊት ኳስ ተሰናበተ።

መልስህን ለሚቀጥለው እትም እጠብቃለሁ። የ1998ቱን ዳንከን ይዘህ ና፤ አምስቱን ቀለበት ግን እባክህ ዶርም ተዋቸው። እስከዚያው፥ ቅዳሜ ልምምድ አለን፤ ያን ልጅ አንተ ትጠራዋለህ ወይስ እኔ ልጥራው?