ከጳውሎስ በር የሚጀምር መዝናኛ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር አንድ ዝርዝር አለ። «አዲስ አበባ ላይ ምን ልይ? የት ልዝናና?» ለሚል እንግዳ የተዘጋጀ ነው። የዚህ ዓምድ ጸሐፊ ከላይ እስከ ታች አነበበውና ተናደደ። ቦሌ አለ፣ ካዛንቺስ አለ፣ ሳር ቤት አለ፣ ሆቴል ጣሪያ ላይ ተቀምጦ የሚጠጣ መጠጥ አለ። ከሰሜኑ የከተማዋ ክፍል የተነሣው እንጦጦ ፓርክ ብቻ ነው፤ እሱም በመኪና ወጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ በመኪና ለሚወርድ ሰው። ጉለሌ ተዘሏል። ጳውሎስ ስሙም አልተጠራም።

የዓምዱ ደንበኞች ይህን ሙግት ያውቁታል። «ከቦሌ ወዲያ ምን አለ?» የሚሉ ሰዎችና ጸሐፊው ከተኳረፉ ቆይተዋል። ለእነሱ የሚሰጠው መልስ ዛሬም አጭር ነው፦ ሄዳችሁ እዩ። ስለዚህ የዛሬው መንገድ የሚነሣው ከቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በር፣ የሚኒባስ ረዳቶች «አስኮ! አስኮ!» እያሉ ከሚጣሩበት ነው።

መጀመሪያ ቁልቁል ወደ መርካቶ። በጳውሎስ ጓሮ ሰፈሮች «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ ሳይሰማ የሚረፍድ ቀን የለም። የተሰነጠቀ ጄሪካን፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ የተጣመመ ብረት፣ ባዶ ጠርሙስ ከየግቢው ይለቀምና በጆንያ ታጭቆ በትከሻ ይሄዳል። ያ ሁሉ ዕቃ የት እንደሚገባ ማየት የፈለገ ምናለሽ ተራ ይግባ። እዚያ የመኪና ጎማ በረባሶ ይሆናል። የዘይት ቆርቆሮ የከሰል ምድጃ ይሆናል። የሕንፃ ፌሮ ተቀጥቅጦ መሮ፣ ማጭድ፣ ማረሻ ሆኖ ይወጣል። መዶሻው ከየአቅጣጫው ስለሚያስተጋባ ሰው እየተጯጯኸ ነው የሚገበያየው። አንድ ሰዓት ቆሞ የአንዲት ጣሳን ዕጣ ከመነሻው እስከ መጨረሻው መከታተል ይቻላል፤ ባለሙያዎቹም የሚያይላቸው ሰው ሲያገኙ ደስ ይላቸዋል። መግቢያ አይከፈልም። ስልክን በውስጥ ኪስ ማድረግ ብቻ ነው።

መርካቶን ዛሬ ያለበት ቦታ ላይ የተከለው ጣሊያን ነው። በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ገፋው። ገበያው ግን የገፊውን ዕቅድ ትቶ በራሱ መንገድ አደገ፤ ተራ በተራ፣ ሸማ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ቦምብ ተራ እየተባለ። ታላቁ አንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤታሞች ናቸው። ዓርብ እኩለ ቀን ላይ በመካከላቸው ያለፈ ሰው አዲስ አበባን ያያታል፤ ከሆቴል ጣሪያ ላይ የማትታየውን።

ከጳውሎስ ወደ ምሥራቅ ደግሞ ቀጨኔ አለ። ጸሐፊው ስለ ቀጨኔ በዚህ ዓምድ ደጋግሞ ጽፏል፤ አሁንም ይጽፋል። ሸክላ ሠሪዎቹ ሴቶች ናቸው። ጭቃው ይረገጣል፣ ይታሻል፣ ከዚያ ያለ ምንም መሽከርከሪያ በእጅ ብቻ ይቆማል። የጀበና አንገት ሲወጣ ማየት ለብቻው የአንድ ጠዋት ትርዒት ነው። ጣት ወደ ውስጥ ይገባል፣ መዳፍ ከውጭ ይደግፋል፣ ሴትዮዋ ዐይኗን ሳታነሣ ከጎረቤቷ ጋር ታወራለች፣ አንገቱ ግን ዝንፍ አይልም። እነዚህ ሰዎች ለብዙ ዘመን «ቡዳ» እየተባሉ ሲገለሉ ኖረዋል። ያገለላቸው ሕዝብ በእነሱ ጀበና ቡና እያፈላ፣ በእነሱ ምጣድ እንጀራ እየጋገረ ነው የኖረው። ይህ ያሳፍራል፤ ማሳፈርም አለበት።

የሚገዛ ሰው ጀበናውን በጣት ኳ ኳ ያድርገው። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ተተኩሷል፤ ከታፈነ ስንጥቅ አለበት። ምጣድ የገዛ ደግሞ ቤቱ ሲደርስ በጎመን ዘር ያሟሸው። እንዴት እንደሚሟሽ ሠሪዋን ቢጠይቃት ከሱቅ የማይገኝ ምክር ታክልለታለች።

ሽሮ ሜዳን ሁሉም ያውቀዋል፤ ለበዓል የሐበሻ ቀሚስ ያልገዛበት የለም። እዚያ የሚሄድ ሰው ከሱቁ ፊት ለፊት ብቻ እንዳይቀር፣ አንድ ሸማኔ ሲሠራ ለማየት ይጠይቅ። ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ የመጣ ቤተሰብ ልጅ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ ድሩን በእግሩ እየከፈተ መወርወሪያውን ሲያስተላልፍ ያየ ሰው፣ ስለ ዋጋ ሲከራከር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ወደ ላይ መውጣት ለሚወድ እንጦጦ ነው። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም ተከፍቷል፤ ፈረስ አለው፣ ብስክሌት አለው፣ ለልጆች ጥሩ ነው። ጸሐፊው ግን ሰውን መጀመሪያ ወደ እንጦጦ ማርያም ይልካል። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም በአቡነ ማቴዎስ እጅ የነገሡት እዚያ ነው። የጭቃና የእንጨት ቤተ መንግሥታቸው እስካሁን ከአጠገቡ አለ። ከዚያ ብርዳም ኮረብታ ሆነው እቴጌ ጣይቱ ቁልቁል ፍል ውኃን ባያዩና ባይወዱት ኖሮ ቦሌ የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ንጋት ላይ የወጣ ሰው አትሌቶች በባሕር ዛፉ መሐል ሲሮጡ ያገኛል። ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ የኅዋ መመልከቻ ጣቢያው አለ፤ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ተተክለውበታል። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ይህን ያውቁ ይሆን? ማወቅ ይገባቸው ነበር።

በዚያው መንገድ ወገባቸው እስኪጎብጥ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ይወርዳሉ። ፎቶ ማንሣት ይቅርና መንገድ ይለቀቅላቸው። ከእነሱ መካከል ሸክሙን ትተው ሽመና የተማሩ አሉ፤ የቀድሞ ሴቶች እንጨት ተሸካሚዎች ማኅበር ይባላሉ። ስካርፍ መግዛት ያሰበ ሰው ከእነሱ ቢገዛ ገንዘቡ የት እንደገባ ያውቃል።

ከተራራው ጎን ደግሞ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ተዘርግቷል። የከተማው አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት፣ 705 ሄክታር የሚሸፍን ቦታ ነው። ባሕር ዛፉ በአገር በቀል ዛፍ እንዲተካ እየተሠራ ነው። ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ዝግባ በስማቸው እየተጠሩ የሚታዩበት ሌላ ቦታ በከተማዋ ብዙ የለም። ልጅ ያለው ቤተሰብ ቅዳሜውን እዚያ ያሳልፍ፤ ምሳውን ቋጥሮ ይሂድ።

ስለ መብል ብዙ ማለት አያስፈልግም። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባልበት ወር ላይ ነን፤ ብርዱ ገብቷል፣ ሥጋ ቤቶቹም ያውቁታል። ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ አለ። ጠዋት ፉል፣ ከሰዓት ስፕሪስ፣ በማንኛውም ሰዓት የጀበና ቡና በመንገድ ዳር ረከቦት። ሐምሌ 5፣ የሰኔ ጾም ሲፈታ፣ ጴጥሮስ ወጳውሎስን አንግሦ የሚመለስ ሰው ሰፈሩን ሲሞላው ማየትም ለመጪው ክረምት ይያዝ።

ይህን ሁሉ ጸሐፊው ባለፈው ሳምንት ለአንድ ወጣት ደርድሮለት ነበር። በሆስፒታሉ አቅራቢያ ቡና በምታፈላ ሴት ዘንድ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው። ልጁ ከምሥራቅ ጎጃም ነው የመጣው፤ ጋቢ ደርቧል፣ እግሩ ሥር ቴርሞስና በፌስታል የታሰረ የምግብ ሰሐን አለ። አባቱ ሪፈር ተጽፎላቸው መጥተው ተኝተዋል፤ አስታማሚው እሱ ነው።

«ጋሼ፣ እዚህ አካባቢ ሰው አየር የሚቀበልበት ቦታ አለ?» አለ።

ጸሐፊው ደስ ብሎት ጀመረ፤ ቀጨኔ፣ ሽሮ ሜዳ፣ እንጦጦ፣ ዕፅዋት ማዕከሉ። ልጁ በትሕትና ሰምቶ ሲያበቃ፣ «ጥሩ ነው ጋሼ። ግን ምሳ ሰዓት ሳይደርስ እመለሳለሁ? አባቴን የማጎርሳቸው እኔ ነኝ» አለ።

ዝርዝሩ ሁሉ በዚህች ጥያቄ እንደገና ተመዘነ። እንጦጦ ወጥቶ መመለስ አይሆንም። ዕፅዋት ማዕከሉም ሩቅ ነው። ቀሪው ምናለሽ ተራ ነበር፤ አብረው ወረዱ። ልጁ እስከዚያ ድረስ የሚጠየቀውን ብቻ ይመልስ ነበር። ማረሻ ከተደረደረበት ሲደርስ ግን ጎንበስ ብሎ አንዱን አነሣ፣ በእጁ መዘነው፣ ጫፉን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «ይሄ ገና ነው፤ ድንጋይ ሲነካ ይታጠፋል» አለ ለሻጩ። ሻጩ ተከራከረ። ልጁም ስለ አፈር፣ ስለ ድንጋያማ መሬት፣ ስለ አንጥረኛ ሥራ ከአዲስ አበቤ ማንም የማያውቀውን ነገር ያስረዳ ጀመር። ሰው ከበባቸው። በመጨረሻ ሻጩ ሌላ ማረሻ ከጓዳ አውጥቶ «እንግዲያው ይሄንን እይልኝ» ብሎ ለፈተና አቀረበለት። ልጁ ሳቀ። የመጣበት ችግር ለጥቂት ጊዜ ከፊቱ ላይ ወረደ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስም ተመለሱ።

ጳውሎስን የሚያክል የእንግዳ ሰፈር በአዲስ አበባ የት አለ? ሆስፒታሉን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1960ዎቹ መባቻ ሲያሠሩት ለመክፈል አቅም ለሌለው ሕዝብ ታስቦ ነው። በሚሌኒየሙ የሕክምና ትምህርት ቤት ተጨመረበት። በአገሪቱ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም የተደረገው እዚያ ነው። ስለዚህ ሪፈር የተጻፈለት ሰው ከጎጃም፣ ከወለጋ፣ ከወሎ፣ ከጅማ ይመጣል፤ ብቻውንም አይመጣም። ወንድም፣ ሚስት፣ ልጅ ይከተለዋል። ታማሚው አልጋ ሲይዝ ተከታዩ ሰዓት ይይዛል፤ ከጥየቃ እስከ ጥየቃ፣ ከመድኃኒት እስከ መድኃኒት ያለውን ረጅም ሰዓት። ስለ ከተማዋ መዝናኛ የሚጽፉ ሰዎች በዶላር የሚመነዝረውን እንግዳ ብቻ ነው የሚያስቡት። ፌስታል ይዞ አጥር ሥር የሚቀመጠው እንግዳ አልታያቸውም። ከሁሉ በላይ አንድ መልካም ሰዓት የሚያስፈልገው ግን እሱ ነው።

እዚህ ላይ የጸሐፊው የቆየ ጥያቄ ይመለሳል፤ መቀመጫ። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ በብዙ ጎዳናዎች ሰፊ የእግረኛ መንገድ ተሠርቷል፣ አግዳሚ ወንበር ተተክሏል፣ ማታ መብራት አለ። ጸሐፊው ይህን ባየ ቁጥር ደስ ይለዋል፤ ይህን በመናገሩም የሚወቅሰው ካለ ይውቀሰው። የሚጠይቀው በታላላቅ ሆስፒታሎች ዙሪያ ይህ በእጥፍ እንዲሆን ነው። ዝናብና ፀሐይ የሚከልል ጥላ፣ ጀርባ የሚያስደግፍ ወንበር፣ የሚጠጣ ውኃ፣ ንጹሕ መጸዳጃ። ከእነዚህ ጎን አንድ ሰሌዳ ይቁምና በእግር አንድ ሰዓት ውስጥ ደርሶ መመለስ የሚቻልባቸው ቦታዎች በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ይጻፉበት። ክፍለ ከተማው ይህን ለመሥራት የውጭ አማካሪ አያስፈልገውም። የሰፈሩን አዛውንቶችና የታክሲ ረዳቶቹን ቢጠይቅ ይበቃዋል።

እስከዚያ ግን የዓምዱ አንባቢ የሚሠራው ነገር አለ። ጳውሎስ የተኛ ዘመድ ወይም የአገር ልጅ ያላችሁ፣ በዚህ ቅዳሜ ልትጠይቁ ስትሄዱ ብርቱካን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። አስታማሚውን ለሁለት ሰዓት ተኩት፤ ታማሚውን እናንተ አጉርሱ፣ ሐኪም ከመጣም እናንተ አናግሩት። እሱን ወደ ምናለሽ ተራ ወይም ወደ ቀጨኔ ላኩት፤ የታክሲውን እናንተ ስጡት።